የእቴቴ የአንገት ማሰሪያ

ባለፈው ሳምንት መገናኛ ላይ ዝናብ ያዘኝና አንድ የልብስ ስፌት ሱቅ ደጃፍ ተጠለልኩ። ውስጥ አንዲት ሴት እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ትተኩሳለች። ካውያው ጨርቁ ላይ ባረፈ ቁጥር እንፋሎቱ ወደ በሩ ይመጣል። ሽታው ሲደርሰኝ እቴቴ በለጡ ድንገት ከፊቴ ድቅን አለች፤ በረንዳችን ላይ ፀሐይ እየሞቀች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

ዝናቡ አባርቶ ሰው ሁሉ ወደ ታክሲ ሲሮጥ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ልታዘዝ እህቴ?» አለችኝ ሴትየዋ።

«ምንም» ብያት ሄድኩ። የፈለግኩትን እሷ ልትሰጠኝ አትችልም።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ ኮረብታው ከሚጀምርበት ላይ ነው። ከጓሯችን ጀምሮ ባሕር ዛፉ ሽቅብ እስከ እንጦጦ ይወጣል፤ ነፋስ ሲነሳ ውኃ የሚወርድ ይመስላል። አባቴ ሾፌር ስለነበር ቀን ቤት አይውልም። እናቴና እኔ ነበርን፤ በዚያ ዓመት ደግሞ እቴቴ መጣች።

እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ሕፃን ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ሳትወልድ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ባለ መንደር ብቻዋን ትኖር ነበር። ከዚያ በፊት ለበዓል ስትመጣ ተረት ስታወራልኝ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር፤ ገደል ለገደል ሲጠራሩ ያደጉ ሰዎች ድምፅ ነበራት።

አንገቷ ላይ ትልቅ እንቅርት ነበር። ከሥሩም ሦስት ረድፍ አረንጓዴ ንቅሳት ዞሮላታል። በልጅነቷ እንቅርት እንዳይወጣባት ብለው ነበር የነቀሷት። እኔ ግን ያንን አላውቅም። ንቅሳቱ ገመድ ይመስለኝ ነበር፤ እንቅርቱ እንዳይወድቅ የታሰረበት። ስለዚህ በዚያ ክረምት «እቴቴ ልትቀደድ ነው» ሲባል ሐኪሞቹ ገመዱን ሊፈቱላት ነው ብዬ ነበር የተረዳሁት።

መስከረም እንደገባ ከሆስፒታል ወጣች። እንቅርቱ የለም። በቦታው፣ ከጉሮሮዋ ሥር፣ አጭር ቱቦ ገብቷል። የቱቦው አፍ ወደ ውጭ ይታያል፤ ግራና ቀኙ ላይ ጠፍጣፋ ክንፍ አለው። የምትተነፍሰው በእሱ ነው። ስትተነፍስ ቀስ ያለ ፉጨት ይሰማል። አልጋዋ እኔ ክፍል ተዘረጋ።

«እንቅርቱ ለብዙ ዓመት የአየር ቧንቧዋን ተጭኖት ስለኖረ ቧንቧው ልል ሆኗል» አለኝ አባቴ። «እስኪጠነክር በዚህ ትተንፍስ ተብሏል። ለጊዜው ነው።»

«ድምፅዋስ?»

«አለ። አየሩ ወደ ላይ ስለማይደርስ ነው እንጂ የትም አልሄደም።»

ድምፁ የትም ካልሄደ በቱቦው እየወጣ መሆን አለበት፣ ስላልተጠጋን ነው የማንሰማው ብዬ አሰብኩ። ብቻችንን ስንሆን ጆሮዬን ቱቦው አፍ ላይ ደቀንኩ። ሞቃት ትንፋሽ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ቀና ብዬ ሳያት ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ደንግጬ ልጮህ ስል ገባኝ፤ እየሳቀች ነበር። እቴቴ ድምፅ ሳታሰማ መሳቅ ተምራለች።

ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም፤ ማሰሪያው አጠፋው።

ቱቦው እንዳይወልቅ የሚያዘው በፋሻ ነው። ፋሻው በክንፎቹ ቀዳዳ ገብቶ፣ አንገቷን ዞሮ፣ ከጎን ይቋጠራል። ሲታሰር ለስላሳ ነው። ላብና አክታ አርሶት ሲደርቅ ግን ይጠቀለልና ሲባጎ ይሆናል። በሁለተኛው ሳምንት ከጆሮዋ ሥር ቀላ፤ በሦስተኛው ቆሰለ። ከሦስቱ የንቅሳት መስመሮች መካከለኛውን ቁስሉ አቋረጠው።

እናቴ ደግሞ ታጠብቀዋለች። ጭካኔ አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ሆስፒታል የምትከታተላት ሲስተር «ይሄ ከወለቀ አየር አታገኝም» ካለቻት ወዲህ እናቴ እንቅልፍ አልነበራትም። ሲስተር እኮ ሌላም ነገር ብላለች፦ «በማሰሪያውና በአንገቷ መሀል አንድ ጣት ይግባ። ከዚያ ከሰፋ ልል ነው፤ ምንም ካልገባ ያንቃል።»

እኔ የማን ጣት እንደሆነ አልተነገረንም ብዬ ተጨነቅኩ። የቤቱን ሰው ጣት ሁሉ በክር ለካሁ። የአባቴ ጣት የእኔን ሁለት ያህላል። የእናቴ ቀጭን ነው። እናቴ በራሷ ጣት እየለካች እንደሆነ፣ ሲስተር ግን ምናልባት የአባቴን ጣት አስባ እንደሆነ ለእናቴ ነገርኳት። ክሩን ከእጄ ነጥቃ «አሁን የጨዋታ ጊዜ ነው?» አለችኝ። ዛሬ ሳስበው ያን ያህል አልተሳሳትኩም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ ስትጮህ ደረስኩ። እቴቴ ሰው ሳያያት ቋጠሮውን ልትፈታ ስትታገል አግኝታታለች።

«እቴቴ፣ ምን እያደረጉ ነው? ምን አድርጌዎት ነው እንዲህ የሚቀጡኝ? ወንድምዎ ሲመጣ ምን ልበለው?»

እቴቴ ወደ እናቴ ዞረች። ከዚያ አንድ እጇን አንገቷ ላይ አደረገች፤ በሌላኛው መሬት ላይ ችካል የምትተክል መሰለች። አንገቷን ወደ ፊት ሳበች፤ ገመድ እንደያዘው ሁሉ መልሳ ወደ ኋላ ተወረወረች። የታሰረ ጥጃ ነው። እኔ እንኳ ወዲያው ገባኝ። ከዚያ በጣቷ ወደ ደብረ ብርሃን በኩል አመለከተች፤ ቀጥላም መሬቱን በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«አገሬ ወስዳችሁ ቅበሩኝ ነው የምትዪው?» አለች እናቴ። ሁልጊዜ «እርስዎ» የምትላትን ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» አለቻት። ከዚያ እግሯ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች።

በማግስቱ እናቴ ወሰን ወደሚባለው ሰፈር ሄደች። እዚያ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን የምትሰፋ እትዬ ዘይነባ የምትባል ሴት ነበረች። ከስልጤ በሙሽርነት መጥታ እዚያው የቀረች ናት። በጠባብ ሱቋ ውስጥ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና አላት፤ የሰፋችውን ሁሉ ሳትተኩስ አትሰጥም። የዚያኑ ዕለት ከእናቴ ጋር ቤታችን መጣች። ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ እቴቴ ፊት ተንበረከከች።

«እናቴ፣ ልንካዎት?»

እቴቴ አገጯን ቀና አደረገች።

እትዬ ዘይነባ «ቢስሚላሂ» ብላ ፋሻውን በጣቷ ጫፍ ነካች፤ ቁስሉን ዞራ አየች፤ ክንፎቹን አየች።

«የአንገት ልክ ለኮሌታ ስወስድ ነው የኖርኩት» አለች ለእናቴ። «ኮሌታ ግን ትንፋሽ አይዝም። ስታስል ምን ያህል ይገፋል?»

እናቴ አላወቀችም። እቴቴ ራሷ እንደ ምንም ብላ ሳል ሳለችላት። እትዬ ዘይነባ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ነበር፤ ሜትሩ እጇ ውስጥ ሲሸሽ ተሰማት። «ወይ ጉድ» አለች።

ከሦስት ቀን በኋላ ማሰሪያ ይዛ መጣች። ሁለት ጣት ያህል ስፋት አለው። ውስጡ የአራስ ልጅ ልብስ የሚሰፋበት ለስላሳ ጥጥ ነው፤ በጨርቁ መሀል ስስ የጥጥ ንጣፍ አለ። ጫፎቹ ላይ፣ በክንፎቹ ቀዳዳ አልፎ የሚታጠፈው ክፍል፣ ሲከፈት ጭርር የሚል ማጣበቂያ ተሰፍቶበታል። ማጣበቂያውን አወቅኩት። ከጠበበኝ የትምህርት ቤት ጫማ ላይ የተፈታ ነው፤ ጫማውን እናቴ ነበረች ያቀበለቻት። ቋጠሮ የለውም። እጥፍ፣ ጭርር፣ አለቀ።

ሁለት ሆነው ቀየሩላት። እናቴ ቱቦውን በሁለት ጣቷ ያዘች፤ እትዬ ዘይነባ መጀመሪያ አዲሱን አስገባች፤ አሮጌው የተፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ሲጨርሱ እቴቴ አንገቷን በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ ፊቷን ቀስ ብላ ወደ ግራ አዞረች። ወደ ቀኝ አዞረች። አንድ ወር ሙሉ መላ ሰውነቷን ስታዞር የከረመች ሴት፣ አንገቷን ብቻ አዙራ ባሕር ዛፉን አየች። የእትዬ ዘይነባን እጅ ጎትታ ሳመችው። እትዬ ዘይነባ «ኧረ እናቴ፣ ኧረ ይተዉ» እያለች እጇን ልትነጥቅ ስትታገል የሁለቱም ዓይን ረጥቧል።

ሲስተር በቀጠሮ ቀን አየችው፤ ወደደችውም። ግን አስጠነቀቀች። «ሁለት ሰው ሳይኖር እንዳትቀይሩ። ማጣበቂያው ደግሞ ፀጉርና ክር ከያዘ መጣበቅ ይተዋል። በየቀኑ እዩት።»

ያ «በየቀኑ» የእኔ ሥራ ሆነ። ሁለት ማሰሪያ ነበር፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይታሰራል። የታጠበውን እናቴ እርጥቡን ትተኩሰዋለች፤ ያ ሽታ የመጣው ከዚህ ነው። እኔ በዶልዷማ መርፌ ከማጣበቂያው ጥርሶች መሀል የጋቢ ክርና የብርድ ልብስ ፀጉር አንድ በአንድ እለቅማለሁ። እናቴ ታየዋለች። «ጎበዝ» ትለኛለች። ከዚያ ዓመት በፊትም ሆነ ያን ጊዜ እንደዚያ ያለ ከባድ ኃላፊነት የተሰጠው የክፍላችን ልጅ የለም ብዬ ኮራሁ።

ጥቅምትን ሳስብ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከጠዋት ፈረቃ ስመለስ እቴቴ በረንዳው ላይ ትጠብቀኛለች። ነፋሱ ብርድ ነው፤ ፀሐዩ ግን ይሞቃል። ቱቦው ላይ አቧራ እንዳይገባ ስስ ነጭ ጨርቅ ጣል ታደርጋለች፤ ጨርቁ በትንፋሿ ከፍ ዝቅ ይላል። ቁስሉ እየዳነ ነበር።

ተረት እንድታወራልኝ ለመንኳት። በእጇ ጀመረች። እኔ የማየውን ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ስሳሳት ራሷን ትነቀንቃለች፤ ትክክል ስሆን ጉልበቴን መታ ታደርገኛለች። አንድ ጣቷን አናቷ ላይ አቆመች።

«ቀንድ! አንድ ቀንድ ያለው ፍየል!»

ራሷን ነቀነቀች። ደጋግማ አሳየችኝ። እኔ ግን ፍየሌን ወድጄዋለሁ፤ አልለቅም አልኩ። በመጨረሻ ትከሻዋን ሰብቃ ቀጠለች። ባለ አንድ ቀንዱን ፍየል ጀርባዋ ላይ አዘለችው። ወንዝ ሞልቶ ነበር። ውኃው እስከ ጉልበቷ፣ እስከ ወገቧ፣ እስከ ደረቷ ደረሰ። ፍየሉ አለቀሰ። ፍየል እንዴት ያለቅሳል ብዬ ስቄ ልሞት። ተሻገሩ። ፍየሉ ጀርባዋ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ያንን ተረት ከሃያ ጊዜ በላይ አሳይታኛለች፤ በየጊዜው ፍየሌን አሳምሬ ጮክ ብዬ አወራዋለሁ፤ እሷም ባትስማማም ደስ ይላት ነበር።

ኅዳር መጣ። ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ ዝላይ ጀመርን። ማጣበቂያውን አንድ ቀን ሳልለቅም ቀረሁ። ምንም አልሆነም። እናቴ «ጠረግሽው?» ስትለኝ «አዎ» አልኳት። በማግስቱም «አዎ» አልኳት። በሦስተኛው ቀን መጠየቋን ተወች።

ኅዳር ሚካኤል ሆነ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ንግሡ ስትወጣ «ታቦቱን አይቼ መጣሁ፤ ከእቴቴ አጠገብ እንዳትጠፊ» አለችኝ። መንደሩ ሁሉ ወደ ሚካኤል ወርዷል። ኅዳር 12 ደግሞ ከተማው ሁሉ ቆሻሻ የሚያቃጥልበት ቀን ነው። ገና በጠዋቱ በየደጁ የተለኮሰው ቅጠልና ጉድፍ ይጨሳል፤ ከታች የሚመጣው ጭስ ኮረብታው ላይ እየተንከባለለ ግቢያችን ገባ። በሩን ዘጋሁ። በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ።

እቴቴ ማሳል ጀመረች። ትንሽ ሳል ነበር፤ ከዚያ የማያቋርጥ ሆነ። ጎንበስ ብላ ስትስል ቀስ ያለች ጭርርታ ሰማሁ።

ማሰሪያው በአንድ ጎን ተላቅቋል። የሚቀጥለው ሳል ቱቦውን ወደ ውጭ ገፋው። ግማሹ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ፉጨቱ ቆመ። በምትኩ የሚያስፈራ የማነቅ ድምፅ መጣ፤ የእቴቴ ዓይኖች ፈጠጡ፣ ከንፈሯ ጠቆረ።

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። ማንም የለም። ወደ በሩ ልሮጥ ስል እቴቴ ክንዴን ያዘችኝ። ያን የመሰለ ኃይል ነበራት። ራሷን ወደ ኋላ ደገፍ አደረገች፤ በገዛ እጇ ቱቦውን ይዛ ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ወደ ውስጥ መለሰችው። ሳለች። እንደገና ሳለች። ከዚያ ፉጨቱ ተመለሰ።

እጇ ግን ይንቀጠቀጣል። ሁለት ጣቴን ወስዳ በቱቦው ክንፎች ላይ፣ አንዱን ግራ አንዱን ቀኝ፣ አስቀመጠችልኝ። ጫን አድርጋ አሳየችኝ። ያዝኩ።

ፊት ለፊት ተቀመጥን። ጉልበቴ ከጉልበቷ ገጥሟል። ትንፋሿ መዳፌ ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል። ስታስል ክንፎቹ ጣቴን ይገፉታል፤ እኔም እገፋለሁ። ከታች የእልልታው ድምፅ ይሰማል። ክንዴ ዛለ፤ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እቴቴ ክርኔን በመዳፏ ደገፈችልኝ። የሚሞተው ሰው እሷ ሆና ሳለ የምታጽናናው እኔን ነበር። ዓይኗን ከዓይኔ ላይ አላነሳችም። በሕይወቴ ማንም ሰው እንደዚያ ረጅም ጊዜ ዓይኔን አይቶኝ አያውቅም።

«እቴቴ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳት። «አልለቀምኩትም። ዋሽቼ ነው።»

ዓይኗን አንድ ጊዜ ከደን አድርጋ ገለጠች። ሰምቻለሁ ማለቷ ነው።

እናቴ ነጠላዋ ጭስ ጭስ እየሸተተ ገባች። አልጮኸችም። የእኔን ጣት እንዳልነቅል በዓይኗ አዘዘችኝ፤ ከመሳቢያው አሮጌውን ፋሻ አወጣች፤ አስገብታ ድርብ አድርጋ ቋጠረችው። ልቀቂ ስትለኝ መልቀቅ አቃተኝ፤ እሷው ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀችልኝ።

ወዲያው ታክሲ ፈልጋ ሆስፒታል ወሰደቻት። ሐኪሞቹ ቱቦው በቦታው መሆኑን አረጋግጠው መለሷት። በማግስቱ ግን እናቴ የተላቀቀውን ማሰሪያ በፌስታል አድርጋ፣ እኔን በእጇ ጎትታ፣ ወሰን ወረደች።

«ዘይነባ፣ የሰው ነፍስ በጫማ ማሰሪያ አስይዘሽ ሰጠሽኝ!»

እትዬ ዘይነባ የስፌት መኪናውን አቆመች። ማሰሪያውን ተቀበለች፤ ማጣበቂያውን ወደ ብርሃኑ አዞረች። ጥርሶቹ በክር ተሞልተዋል፤ ጨርቅ ይመስላሉ። አየችው፤ ከዚያ ወደ እኔ አላየችም። ያ ነው የጎዳኝ። አውቃ ተወችልኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሦስት ቀን አልለቀምኩትም።»

እናቴ ዞረች። እጇ ሲነሳ አይቻለሁ። እትዬ ዘይነባ በመሀላችን ገባች።

«ተይ አልማዝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የትልቅ ሰው ትንፋሽ በልጅ መርፌ ላይ አይንጠለጠልም። ልጅ ይረሳል፤ ልጅ ነው። ቢረሳም እንዲይዝ አድርጌ ነበር መስፋት የነበረብኝ።»

«እኔስ ጥያት ወጥቼ የለ?» አለች እናቴ ቀስ ብላ። እጇ ወረደ።

እዚያው እኛ ቆመን ሳለን እትዬ ዘይነባ አዲስ ማሰሪያ ጀመረች። ሰፊው ለስላሳ ጨርቅ ይቀራል፤ ቁስሉን ያዳነው እሱ ነው። ማጣበቂያውን ግን ሙሉ በሙሉ ፈትታ ጣለችው። በምትኩ ጠንካራ የጥጥ ጥብጣብ በጨርቁ መሀል ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰደደች፤ በክንፎቹ ቀዳዳ የሚገባው፣ ከጎን በድርብ ቋጠሮ የሚታሰረው እሱ ሆነ። ከሥሩ ለስላሳው አንገቷን ይጠብቃል፤ ከላይ ቋጠሮው ቱቦውን ይጠብቃል። ጨርቁ ቢያልቅ እንኳ ጥብጣቡ ይይዛል። በሁለት እጇ ይዛ በሙሉ ኃይሏ ሳበችው። ለእናቴ ሰጠቻት፤ እናቴም ሳበችው። «አንቺም» ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። እግሬን አንፈራጥጬ ሳብኩት። አልተበጠሰም።

ሲስተር ይህንን ስታየው ጣቷን ከሥሩ አስገባች፤ ልኩ ሆነ። ጣቷን አየሁት፤ የእናቴን ያህላል። «ሌሎች ታካሚዎችም አሉኝ፤ ይቺ ሴትዮ ትሰፋልኛለች?» ብላ ጠየቀች። እትዬ ዘይነባ ከዚያ በኋላ ከዩኒፎርም በተረፈ ጊዜዋ ትሰፋ ነበር፤ ለአንድ ሕፃን የሰፋችውን አንዱን አይቼዋለሁ፤ የእጅ አምባር ያህላል።

እኔን ማንም መልሶ ያንን ሥራ አልሰጠኝም። ከሰዓት በኋላ ግን ከበረንዳው አልጠፋሁም። ገመድ ዝላይ ትቼ ከእቴቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቋጠሮውን በየጊዜው አየው ነበር፤ ማንም ሳያዘኝ።

ገና አልፎ ሐኪሞቹ የቱቦውን አፍ መክደን ጀመሩ፤ መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያ ለሰዓት፣ ከዚያ ለሙሉ ቀን። አየሩ ወደ ላይ ወጣ። የመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ዙሪያዋን ቆመን ነበር፤ አባቴ ሥራ ቀርቷል። እቴቴ አፏን ከፈተች።

«ሰናይት» አለች።

ስሜ ነው። ግን የማላውቀው ድምፅ ነበር፤ የሻከረ፣ ስንጥቅ ያለበት። ገደል የሚሻገረው ያ ድምፅ አልነበረም። ሁሉም ሲያለቅሱ እኔ የሌላ ሰው ድምፅ አምጥተው የሰጧት መስሎኝ አኮረፍኩ።

በዚያ ሳምንት በረንዳው ላይ ሆነን የፍየሉን ተረት በአፏ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት።

«ፍየል አይደለም» አለችኝ በዚያ ሻካራ ድምፅ። «አባትሽ ነው። ቀንድ ያልሽው ቁንጮው ነው። እናታችን የሞተች ሳምንት፣ ወንዝ ሞልቶ፣ አዝዬው ወደ አክስታችን ቤት ስሻገር ነበር። ስምንት ዓመቴ ነበር።»

በእጇ ሃያ ጊዜ ያሳየችኝን፣ እኔም ሃያ ጊዜ የሳቅኩበትን አስታወስኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስትስቂ ደስ አለኝ። እኔ ያንን ቀን አስቤው ስቄ አላውቅም ነበር።»

ጥር መጨረሻ ላይ ቱቦው ወጣ። ቀዳዳው ላይ ፋሻ ተለጠፈ፤ ስትናገር በጣቷ ጫን ታደርገዋለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተዘጋ። ንቅሳቱ መሀል ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀረ። ከዚያ እቴቴ ስለ ቤቷ፣ ስለ በሯ ቁልፍ፣ ስለ ጎረቤቷ ላም ማውራት ጀመረች፤ ልትሄድ እንደሆነ ገባኝ።

አባቴና እኔ ላም በረት መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ በመስኮቱ በኩል አጠገቧ ተቀመጥኩ። አባቴ ዕቃዋን ጣራው ላይ ለማስጫን ውጭ ከረዳቱ ጋር ይነጋገራል። ለሳምንታት ሆዴ ውስጥ የያዝኩትን አሁን ካልተናገርኩ መቼም እንደማልናገረው አወቅኩ።

«እቴቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪኝም?»

«አልቆጣሽም።»

«ቱቦው እንዳይወጣ ተመኝቼ ነበር። ለሚካኤልም ነግሬዋለሁ።»

አላየችኝም። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች፤ ሰዎች ይጯጯኻሉ፣ ረዳቶች የከተማ ስም ይጠራሉ። ከዚያ ሻካራው ድምፅዋ ለእኔ ብቻ እስኪሰማ ዝቅ ብሎ መጣ።

«እኔም አንዳንድ ቀን ተመኝቼዋለሁ።»

ሾፌሩ ገባ። አባቴ በመስኮቱ እጁን ዘርግቶ ሳማት፤ እኔን ከአውቶቡሱ አወረደኝ። ቆመን አየን፤ አውቶቡሱ ከበሩ ወጥቶ ወደ ኮተቤ ታጠፈ።

«ምን አለችሽ?» አለኝ አባቴ።

«ምንም» አልኩት።

እጄን ያዘኝ፤ ሽቅብ ወደ ቤታችን ሄድን።